ክዳኑን ተይው

ልጅቷን ጉባ ድረስ ቢወስዷት፣ ስትታመም ማን ውሃ ያቀብላታል? ወይዘሮ ሸዋሉል ይህን ጥያቄ ከንጋት ጀምሮ ለቡታጋዙም ለመጥበሻውም አቅርበውታል።

አዲሱ ክልል ከቆመ ወዲህ አሶሳ ውስጥ ቢሮ በቢሮ ላይ ተከፍቷል። ከእነዚያ አንዱ በቆሎ ከገንፎና ከቂጣ ሌላ ምን ምን እንደሚወጣው ለየወረዳው ሴቶች የሚያስተምሩ ወጣቶችን ይቀጥራል። አመልካች ሁሉ ዛሬ ረፋዱ ላይ የሠራውን ይዞ ይቀርባል፤ አለቆቹም ይቀምሳሉ፤ ያለፈ እንደ ጉባ ወዳለ ሩቅ ወረዳ ይላካል። የልጅ ልጃቸው እስከዳር የመረጠችው ከተወቀጠ እሸት በቆሎ፣ ከስኳርና ከጥቂት ዱቄት ተለውሶ በዘይት የሚጠበስ ትንንሽ ጣፋጭ ብስኩት ነው። ሲነክሱት ኩርሽም ካላለ ከንቱ ነው።

ኩርሽም ማለቱን እንቢ አለ። የመጀመሪያው ዙር ከመጥበሻው ሲወጣ ወርቅ ይመስል ነበር፤ እስከዳር ሁለተኛውን ጥዳ ዘወር ስትል ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ላሽቆ አገኘችው።

«ሊጡ ቀጥኖብሽ ነው» አሉ ሸዋሉል።

ዱቄት ጨመረች። ያም ላሸቀ።

«እንግዲያው ዘይቱ ሳይግል ነው የጨመርሽው። እኔ እኮ መጀመሪያም ብያለሁ።»

«አላልሽም፣ እማዬ።»

«በልቤ ብያለሁ።»

እሳቱን ከፍ አደረገች። ጠርዙ አረረ፣ መሀሉ ያው ሆነ። ማንኪያዋን ወርውራ ዞር ስትል ነው፣ ሸዋሉል እንደ ልማዳቸው ትኩሱን ጥብስ በድስት ክዳን ሲከድኑ ያየችው። ክዳኑን ነጥቃ ገለበጠችው። ውስጡ እንደ ላበው ሰው ግንባር ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

«ለካ እኔ እጠብሳለሁ፣ አንቺ ትቀቅዪዋለሽ» አለች።

«ታዲያ ምግብ ተገልጦ ይቀመጥ? ዝንብ አለ፣ የሰው ዓይን አለ።»

«ዓይን ቢበላው ይሻለኛል። ክዳኑን ተይው፣ እባክሽ። የቀረኝ ሊጥ ይቺው ናት።»

ሸዋሉል ቅር እያላቸው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። እሳቸው ቤት ያልተሸፈነ ነገር ኖሮ አያውቅም። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀታቸው እንኳ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ነው። ሳይሸፍኑ ሳያግዱ የለቀቁት ቢኖር ልጃቸውን፣ የእስከዳርን እናት ብቻ ነው። ክልሉ ሳይቆም በነበረው ጦርነት ጊዜ «ለንግድ ሱዳን ጠረፍ፣ ኩርሙክ ደርሼ ልምጣ» ስትል እሺ አሏት፤ በዚያው ቀረች።

የመጨረሻው ዙር ወጣ። እስከዳር ትሪ ላይ አራርቃ ደረደረችውና አንዱን ነከሰች። ኩርሽም አለ። ከጠዋት ወዲህ ገና አሁን ሳቀች።

«ልብሴን ቀይሬ መጣሁ። እንዳትነኪው» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ጎረቤታቸው ነዕማ ገበያ ልትወርድ ዘንቢሏን አንጠልጥላ በበሩ ብቅ ያለችው ይሄኔ ነው። አማርኛን ያወቀችው ከበርታ ቋንቋዋ ቀጥሎ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም አንተ፣ እሱ ትላለች።

«እትዬ ሸዋሉል፣ ሽታው መንገድ ድረስ ይጠራል። ማሻአላህ፣ እስከዳር ዛሬ ያልፋል። ጉባ ይሄዳል።»

«ቀስ በይ እንጂ አንቺ።»

«ምን ቀስ? አንተ፣ ልጅ ሥራ እንዲይዝ አትፈልግም?» ብላ እየሳቀች ወረደች።

ነዕማ ሄደች፤ ‹ይሄዳል› ያለችው ግን ቤት ውስጥ ቀረ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። መንገደኛው ሁሉ አንገቱን ወደ ትሪው የሚያሰግግ መሰላቸው። ለትንሽ ነው፣ ልጅቷ እስክትወጣ ብቻ፣ አሉ በልባቸው፤ እጃቸው ግን ቀድሟቸው ነበር።

እስከዳር ሻሿን እያሰረች ስትመለስ ክዳኑ ትሪው ላይ ተደፍቷል። አነሳችው። ውሃው ጠብ አለ። አንዱን በጣቷ ጫን አደረገችው፤ ድምፅ የለውም።

«ነዕማ መጣችና» አሉ ሸዋሉል። «ደግሞ ጣዕሙ እኮ ያው ነው። እንደኔ ጥርስ ለሌለው እንዲያውም…»

እስከዳር ክዳኑን አያቷ እጅ ላይ አኖረችው። ውጭው ዳምኗል። ሸዋሉል «ጨርቅ እንኳ ጣል አድርጊበት» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ልጅቷ ትሪውን እንደተገለጠ አንስታ በሩን ወጣች።