የደልፊ ዜማ

ጊሊያን ከለንደን ድረስ የመጣችው አንድ ዜማ ፍለጋ ነበር። ግጥሙ እጇ ላይ ነው፤ ጥንት ነጋዴዎች በየገበያው እየዘፈኑ ይሸጧቸው ከነበሩት ባለ አንድ ገጽ ወረቀቶች አንዱ፣ አናቱ ላይ መርከብ የታተመበት። ዜማ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ አይጻፍም። ገዢው ከሻጩ አፍ ለቅሞ ነው ወደ ቤቱ የሚወስደው።

በባሕሩ ዳር መንደር የድሮ ዘፈን ያውቃሉ የተባሉት አሮጊቷ እትዬ ሄስተር በራቸው ላይ ቆመው ወረቀቱን ተቀበሏት። መርከቡን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ይህቺን እኔና እህቴ ነበርን የምንዘፍናት። ግቢ፣ የባሕሩን ንፋስ ቤቴ አታስገቢብኝ። ያ የተሸከምሽው ምንድን ነው?"

"ጊታር ነው፣ እትዬ።"

"እኛ ሁለት ጉሮሮ ነበረን፤ ይበቃን ነበር።"

እህታቸው ደልፊ ከሞተች ወዲህ እትዬ ሄስተር ዘፍነው አያውቁም። ያን ቀን ግን ወንበራቸው ላይ ተደላድለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ።

ፀጉሬን ቆርጬልህ፣ ውሰደው ባሕሩ፣
ወንድሜን መልስልኝ፣ ይግባ ካገሩ።

ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ አንድ ቦታ እየተመላለሰ ሄደ። ጊሊያን ግራ ገባት።

"ዜማው ይህ ነው?"

"የለም፣ ይህ ዜማውን ከሥር የሚያጅበው የታችኛው ድምፅ ነው። ዋናውን ዜማ፣ የላዩን፣ የምትይዘው ደልፊ ነበረች።"

"እስቲ የላዩን ይበሉልኝ።"

እትዬ ሄስተር አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ያው የታችኛው ነው። እንደገና ሞከሩ፤ ያው። እጃቸው ጭናቸው ላይ ወደቀ።

"የሷን አልያዝኩትም" አሉ ቀስ ብለው። "ምን አስቸኮለኝ? ሁልጊዜ አጠገቤ ነበረች።"

ጊሊያን ሻንጣዋን በሰፈሩ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ አሳረፈችና በየቀኑ ትመጣ ጀመር። እትዬ ሄስተር የታችኛውን ይላሉ፤ እሷ ከላይ በዳበሳ ትከተላለች።

"እዚህ ጋ ከፍ ትል ነበር?"

"ከፍ ትል ነበር። አይ፣ ትወርድ ነበር! ወይኔ፣ ምን ነካኝ?"

ልጅቷ በሞከረች ቁጥር የደልፊ ድምፅ እየራቀባቸው ሄደ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንገት ብድግ አሉ።

"ይብቃን። ትንሽ የቀረችኝንም ልታጠፊብኝ ነው።"

ጊሊያን ካፖርቷን ለብሳ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ በዛሬው አውቶቡስ ወደ ለንደን እንደምትመለስ ነግራቸው ወጣች።

እትዬ ሄስተር ስኒዎቹን ሊያጥቡ ገቡ። ሳያስቡት የራሳቸውን ዜማ እያንጎራጎሩ የስንኙ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ዝም ብለው ጠበቁ። ምን እንደሚጠብቁ የገባቸው ያኔ ነው። ድሮ፣ ጎን ለጎን በነበሩት በሁለቱ ግቢዎቻቸው መካከል አንሶላ አስጥተው ሳይተያዩ ሲዘፍኑ፣ ደልፊ የመጨረሻዋን ቃል ይዛ አትለቅም ነበር። እሳቸው ትንፋሽ አጥሯቸው ሲያቆሙ፣ እሷ እዚያ ማዶ ሆና ስትስብ፣ ስትስብ ቆይታ፣ "ምነው ሄስተር፣ አረጀሽ እንዴ?" ብላ ትስቃለች።

እትዬ ሄስተር ብቻቸውን ሳቁ። ከዚያ ሽርጣቸውን ሳይፈቱ፣ በቤት ጫማ፣ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሮጡ።

"አንቺ ልጅ፣ ነይ! መጨረሻዋ ላይ አትልቀቂያት! እኔ እስክቆጣሽ ድረስ ያዣት!"

አውቶቡሱ ጊሊያንን ሳይጭን ሄደ።

ቅዳሜ ዕለት ሁለቱ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ጎን ለጎን ቆሙ። የቢራው ብርጭቆ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ የመጨረሻዋን ቃል ይዛ ስትስብ እትዬ ሄስተር በክርናቸው ጎሸም አደረጓት፤ እሷም እየሳቀች ለቀቀች። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ሽማግሌው አሞስ ግን አላጨበጨቡም። በወጣትነታቸው ደልፊን ለትዳር ጠይቀው እምቢ የተባሉ ሰው ናቸው።

"ራሷ ናት" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "የደልፊ ዜማ። ቅንጣት አልጎደላትም።"

እትዬ ሄስተር ግማሹ የልጅቷ እንደሆነ ያውቃሉ። የቱ ግማሽ እንደሆነ ግን ለይተው መናገር አይችሉም ነበር።

"አዎ አሞስ፣ ራሷ ናት" አሏቸው።

በማግስቱ ጊሊያን ልትሰናበታቸው ስትመጣ ወንበር ሳቡላት።

"አውቶቡስሽ ይቆይ። ቁጭ በይና የላዩን አስተምሪኝ፤ አንቺ ደግሞ የታችኛውን ያዢ" አሉ። "ሁልጊዜ አጠገቤ ናት ብዬ ዳግመኛ አልታለልም።"