አሥራ ሁለት ቮልት ከሙሽራዋ ወገን

አቶ ሳህሌ ለልጃቸው ለኑሃሚን ሠርግ ባትሪ የገዙት እንደ ዶሮ አንጠልጥለው መዝነው ነው። ቀለላቸው፤ ወደዱት። ላዩ ላይ «12 ቮልት» ይላል። የሞተር ብስክሌት መሆኑንም ይላል፤ እሱን ማንበብ አላስፈለጋቸውም።

ሠርጉ በፈረንጅ አገር፣ ፓይን ሌክ በምትባል ከተማ፣ ሐይቁ ዳር ነበር። እዚያ መብራት ስለሌለ ስፒከሩ የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ በሚቀይር ኢንቨርተር ይሠራል። ምግቡን የሙሽራው ወገን ይዞታል፤ ለሙሽራዋ ወገን የቀረው ክብር ድምፁ ብቻ ነው። የመጨረሻው ምርቃትም የአቶ ሳህሌ ነበር። ከስቶን ማውንቴን እስከ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ፣ ተሳፋሪ በወረደ ቁጥር ተለማምደውታል።

የሙሽራው አጎት አቶ ኤልቃና ከስኔልቪል በመኪና ያመጡትን የጀልባ ባትሪ በጋሪ እየገፉ መጡ።

«ለምናልባቱ ነው» አሉ።

«ለምናልባቱ ጸሎት አለን። የእኔም አሥራ ሁለት፣ የእርስዎም አሥራ ሁለት። የእርስዎ ትርፉ ወገብ መስበር ነው።»

«አሥራ ሁለቱማ በሁለቱም ሆድ ውስጥ ስድስት ስድስት ሴል ስላለ ነው። አንድ ሴል፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ሁለት ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ስድስቱ ተከታትለው ሲያያዙ አሥራ ሁለት። ምን ያህል ይቆያል ካሉ ግን የሚወስነው በየሴሉ ውስጥ ያለው ፕሌት የሚባለው የእርሳስ ዝርግ ብረት ብዛትና ስፋት ነው። የእርስዎ ፕሌት ብስኩት ያህላል።»

«ብስኩትም ቢሆን የሙሽራዋ ወገን ብስኩት ነው።»

አቶ ሳህሌ የቮልት መለኪያ አውጥተው ሁለቱንም ለኩ። እኩል። ሕዝቡ እንዲያይ መለኪያውን ከፍ አድርገው ያዙት። የጀልባው ባትሪ ወደ መኪናው ተመለሰ።

የሙሽራዋ ወገን ተናጋሪ አያጣም። ፓስተር ስምዖን «ባጭሩ» ብለው ከአዳም ጀመሩ። ወይዘሮ ደጊቱ ስለ ሙሽራዋ ልጅነት ሊያወሩ ተነሥተው የራሳቸውን የቪዛ ሎተሪ ተርከው ተቀመጡ። መዘምራኑ ድምፁን እስከ ጥግ ከፈቱት። አቶ ሳህሌ ፊታቸው ወደ ሙሽሮቹ፣ ዓይናቸው ወደ ኢንቨርተሩ ሆነ። ቀይ መብራቷ ብልጭ ማለት ጀምራለች።

«አሁን የሙሽራዋ አባት ይመርቃሉ» ተባለ።

ማይኩን ተቀበሉ። «ልጄ» አሉ። ኢንቨርተሩ ጢው አለና ጠፋ።

«አይሰማም» አሉ ከኋላ።

አቶ ኤልቃና ምንም አላሉም። ምንም አለማለታቸው ግን እስከ ሐይቁ ማዶ ይሰማ ነበር።

አቶ ሳህሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ ኤልቃና፣ ያ ወገብ ሰባሪዎ ቅርብ ነው?»

«መኪናዬ ትራንክ ውስጥ ነው። የሙሽራው ወገን ፕሌት ይስማማዎታል?»

«እባክዎ ያምጡት።»

መጣ፤ ገመዱ ተያያዘ። አቶ ኤልቃና ማይኩን አንሥተው «ቴስት» አሉ። ጥርት አለ። እንዲህ ጥርት ካለማ ብለው የወገናቸውን ሰላምታ ጨመሩበት፤ ሰላምታው ምርቃት ሆነ፤ ምርቃቱ ስብከት። መሐል ላይ ወደ አቶ ሳህሌ ዞር ብለው፣ በማይኩ፣ «አይቸኩሉ፣ ፕሌቱ ሰፊ ነው» አሉ።

ኑሃሚን ቀሚሷን ሰብስባ አባቷ አጠገብ መጣች።

«አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ አይጨርስም። ምርቃቱን ለእኔ ብቻ ንገረኝ፤ አይበቃህም?»

አቶ ሳህሌ ሕዝቡን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ በታክሲው ውስጥ ያጠኑትን ሁሉ በጆሮዋ ነገሯት። አንድም ቃል አልዘለሉም። እሷም በየመሐሉ ቀስ ብላ «አሜን» አለች።

ማይኩ በመጨረሻ ደረሳቸው።

«ጨርሻለሁ» አሉ።

ሐይቁ ማዶ ያሉት እንኳ ሰሙ።