ጌጥነሽ ሳንዳል የመረጠች ዕለት

ከዚህ ወሬ አንዲት ቃል ውሸት ከተገኘባት የአሽዶድ ባሕር ይድረቅ። አምባቸው ራሱ፣ ሮቫ አሌፍ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ካለው ቤታቸው ደጅ ተቀምጦ፣ ሚስቱ ጌጥነሽ ከጎኑ እያለች ለጎረቤታቸው ለሙላቷ የተናገረው ነው።

ባልና ሚስት ሃኪርያ ከሚባለው ገበያ ካለ የጫማ መደብር ገብተዋል። ሙቀቱ ብረት ያቀልጣል። ጌጥነሽ የአረጋውያን ቤት ስታጸዳ በላስቲክ ነጠላ ጫማ ቆማ ስለምትውል እግሯ እንደ ምስማር ይወጋታል፤ ሐኪሙም እግር የሚደግፍ የበጋ ሳንዳል ግዢ ብሏታል።

ሻጩ አሸር የሚባል የእኛው አገር ልጅ ነው። ቁመቱ የወደቡን ክሬን ያክላል፤ ፈገግ ሲል መደብሩ መብራት አያስፈልገውም። ተንበረከከና የጌጥነሽን እግር ጭኑ ላይ አሳረፈው። ውስጥ እግሯን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ።

«እዚህ ጋ ነው የሚያምሽ፣ እህቴ?»

«እሱ ጋ ነው። እንዴት አወቅክ?»

«እግርሽ ነገረኝ። ይሄኛው መሀሉ ጉብ ያለ ነው፤ ደግፎ ይይዝሻል። ተነሺና ሂጂበት። ቤሴደር፣ እሺ?»

ጌጥነሽ ሳቀች። አምባቸው ቀና። ከጎንደር ጀምሮ አብሯት የኖረ ባል የማያውቃትን ቦታ፣ ይህ ጎረምሳ በአንድ ጣት አገኛት።

«በቃ፣ ልኳ ነው። ጠቅልልልን» አለ።

«አይቸኩሉ፣ አባባ። እርስዎ እዚያ ወንበር ላይ አረፍ ይበሉ።»

እሷ እህቴ፣ እሱ አባባ።

«አባባ ያልከው ማንን ነው?»

ይህን ብሎ ሲያንባርቅ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ አውቶቡሶች መሀል መንገድ ላይ ቆሙ። አሸርን በአንገትጌው አንጠልጥሎ በሩ ድረስ ወሰደውና፣ «ይህ እግር ባለቤት አለው» አለው። ገበያተኛው አጨበጨበ። ባለ መደብሩ እየተንቀጠቀጠ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሌላ ሁለት ጥንድም መረቀ።

«ሁለት ጥንድ? በነጻ?» አለች ሙላቷ።

«ሦስት ነበር እንጂ። አንዱን እኔ አልቀበልም አልኩ።»

ሙላቷ ወደ ጌጥነሽ ዞረች። ጌጥነሽ ዝቅ ብላ የሳንዳሏን ማሰሪያ ታላላ ነበር።

«እሱ መደብሩ ውስጥ አልገባም» አለች ቀስ ብላ። «ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ከልጁ ጋር ስስቅ በመስታወት አየን። ልጁ ጫማ አቀበለኝ እንጂ እግሬን አልነካም። ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ‹እዚህ ጋ ነው የሚያምሽ? እዚህስ?› ያለኝ፣ ቤት ስንገባ፣ እሱ ራሱ አምባቸው ነው።»