የአንገቴ ክታብ

ቄስ ወልደ ጊዮርጊስን ፊት ለፊት ሳገኛቸው አንቱ እላቸዋለሁ፤ አሳዳጊ አልበደለኝም። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» ነው የምለው። አሥራ ሁለት ዓመት ያጎበጠኝን ሰው ታሪኩን ስጽፍም ጎንበስ ልልለት አልችልም።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ቁራጭ ሥጋ ነው። በ1960 ዓ.ም. አሰላ ውስጥ እኛና እነ ፋጡ በአንድ አጥር እንኖር ነበር፤ እነሱ እስላም፣ እኛ ክርስቲያን። ልጃቸው ዘይቱና እኩያዬ ነበረች፤ ሁለታችንም አሥራ ሦስት ዓመታችን። ለአረፋ ያረዱ ዕለት ከድስቱ አንድ ቁራጭ አውጥታ ሰጠችኝ፣ በላሁ። በእኛ ሰፈር የእስላም ሥጋ የበላ ክርስቲያን ሃይማኖቱን እንደ ካደ ነበር የሚቆጠረው። ያውም ሁዳዴ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የአራት ዓመት ወንድሜ ካሣዬ ሞተ። በሥጋው ምክንያት ነው ብዬ ፈራሁና ለነፍስ አባታችን ለዚሁ ለወልደ ጊዮርጊስ ተናዘዝኩ። ኑዛዜ ከነፍስ አባት ጆሮ አይወጣም ተብዬ ነበር ያደግኩት። እሱ ግን በነጋታው ለእናቴ ነገራት። እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በስሜ ጠርቶ ሕዝቡ ፊት አቆመኝና «ይህን ሕፃን የገደለው የእኅቱ ጥርስ ነው» አለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እናቴ ውድነሽ ከመካከላቸው ነበረች፤ ያን ቀን እንዳየችኝ ዓይነት ማንም ሰው አይቶኝ አያውቅም።

ከዚያ በቀይ ቆዳ የተሰፋ ክታብ አመጣና አንገቴ ላይ አሰረው። «ኃጢአትሽ በሙሉ እዚህ ውስጥ ተጽፏል። የፈታሽው ዕለት እናትሽ ልጇን ትከተላለች» አለኝ። ለንስሐዬ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ እንድጠርግ፣ በሌላው ቀን እሱ ቤት ውኃ እንድቀዳና ገብስ እንድፈጭ አዘዘኝ። ስንት ዓመት እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እናቴ ጫፉ የተላጠ አረንጓዴ ሳህን ለየችልኝ። ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር ከአንድ ማዕድ አልበላችም፣ አጉርሳኝም አታውቅም። ባል ሊሆን የመጣም ሰው ቢኖር ክታቡን ሲያይ ታሪኩን ይጠይቃል፤ ታሪኩን ሲሰማ ይመለሳል።

አብዮቱ መጣ። የባላባቱን መሬት ወሰደ፣ የሀብታሙን ትርፍ ቤት ወሰደ፤ የእኔን ክታብ የነካው ግን የለም። በ1971 ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ቀበሌው ሁላችንንም አዳራሽ ውስጥ በአግዳሚ ደረደረን። ፊደሉ ለእኔ ቀለለኝ። በመጀመሪያው ዙር ፈተናውን አለፍኩና በሁለተኛው ዙር ረዳት አስተማሪ አደረጉኝ። እናቴ ከፊት አግዳሚ ነበረች፤ ወዳ ሳይሆን ያልተመዘገበ ሰው ከቀበሌ ስኳር አያገኝም ስለተባለ ነው። ዘይቱናም ነበረች። እነሱ ከአጥሩ ከወጡ ወዲህ ተለያይተን ነበር፤ በሃያ አራት ዓመታችን ፊደል ቆጠራ አገናኘን።

አንድ ቀን ክፍሉ ሲወጣ ሰሌዳውን እያገዘችኝ ስታጠፋ አንገቴን አየችው።

«ኢንታላ» አለችኝ፣ በልጅነታችን ትጠራኝ እንደነበረው፤ በኦሮሞኛ «አንቺ ልጅ» ማለቷ ነው። «ይሄ ነገር ዛሬም አልወረደም?»

«ኃጢአቴ ተጽፎበታል።»

«ምን ይላል?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«አሁን ማንበብ ትችዪ የለም እንዴ?»

ቆሜ ቀረሁ። ለሌላው ሰው ፊደል ሳስተምር ከርሜ ይህ አንድም ቀን አልታየኝም ነበር። እነሱ ቤት ሄድን፤ ዘይቱና ምላጭ አመጣች፤ እጄ እምቢ ስላለኝ የቆዳውን ስፌት የተረተረችው እሷ ነች። ከውስጡ ብዙ ጊዜ የታጠፈ የታተመ ወረቀት ወጣ። የእርሻ ልማት ሰዎች ያን ጊዜ ለገበሬው በነፃ ያድሉት የነበረ ነው። በአንድ በኩል ጽሑፍ አለው፣ በሌላው በኩል ሥዕል። አነበብኩት። «ጥጃ ተቅማጥ ሲይዘው ከሌሎቹ ይለዩት። ውኃ አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ ጥቂት ጨው ጨምረው ያጠጡት» ይላል። ሥዕሉም ጥጃ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመት አንገቴ ላይ ያዞርኩት የጥጃ ተቅማጥ ነበር። ከምክሩ የተከተሉት አንዱን ብቻ ነው፤ ለይተውኛል።

ዘይቱና መሳቅ ጀምራ ፊቴን ስታይ ተወችው። እኔ ግን ቀድሞ የመጣብኝ ንዴት አልነበረም፤ እናቴ ናት። ክታቡ ተፈቷል። እየሮጥኩ ቤት ስገባ ምስር እየለቀመች አገኘኋት። «ምን ሆነሽ ነው እንደ እብድ የምትሮጪው?» ብላ ተቆጣችኝ። አልሞተችም። ደጁ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ንዴቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ሲመጣም ሙሉውን መጣ።

አንድ ነገር ደግሞ ማሰላሰል ጀመርኩ። ሰውየው መጻፍ ቢችል ኖሮ ቢያንስ ሁለት መስመር ግእዝ ይጽፍብኝ ነበር። እሱ ቤት ስሠራ ደብዳቤ ሲመጣለት ዓይኔን ያመኛል ብሎ ዲያቆኑን ነበር የሚያስነብበው። ቅዳሴውን በቃሉ ይወጣዋል። የቀበሌው ካድሬ ጓድ ሀይሉ «እኔ የተማርኩ ነኝ» የሚል ሰው ሁሉ ኮሚቴ ፊት እያነበበ ያረጋግጥ ካለ ሦስት ወር ሆኖታል፤ ወልደ ጊዮርጊስ ግን አንዴ ሐዘን አለብኝ፣ አንዴ ክርስትና አለብኝ እያለ አልመጣም። ለእናቴ ወረቀቱን ወስጄ ባሳያት በአባ ላይ ትዋሻለሽ ብላ እንደምትረግመኝ አውቃለሁ። ከራሱ አፍ መስማት ነበረባት። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ ባዶውን ክታብ መልሼ ሰፍቼ አሰርኩትና ጠበቅኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ስኳሩ ሲቀርበት ጊዜ ወልደ ጊዮርጊስ በታኅሣሥ ወር አንድ ቅዳሜ ሊያነብ መጣ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጓድ ሀይሉ ካኪውን ለብሶ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ለማንበቢያ የሚሆነውን ወረቀት የምሰጠው እኔ ነኝ።

«አባ፣ ይህን ያንብቡልን» ብዬ ጽሑፉን በእሱ በኩል አድርጌ ሰጠሁት።

ወረቀቱን ራቅ አድርጎ ያዘ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዚያ የዳዊትን መጀመሪያ በግእዝ እንደ ውኃ አወረደው። ድምፁ ደግሞ ያምራል፣ እሱን አልክደውም። ከኋላ ያሉት አሮጊቶች አማተቡ።

«ገልብጠው ይቀጥሉ» አልኩት።

ገለበጠ። ከጥጃው ጋር ተያዩ። ድምፁ ቀጥ አለ፤ ያወቀውም ያን ጊዜ ነው። ዓይኑ ማረፊያ ሲያጣ ሳይ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ማር ማር አለኝ።

ወረቀቱን ተቀበልኩትና እናቴ ፊት አስቀመጥኩ። «እማዬ፣ አንቺ አንብቢው።» በጣቷ እየተከተለች «ጥ... ጃ... ተቅ... ማጥ...» አለች። አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተነሳ። ክታቡን ከአንገቴ በጥሼ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። «ከዚህ ውስጥ ነው የወጣው» አልኩ። ያን ቀይ ቆዳ የማያውቅ ሰው በሰፈሩ አልነበረም፤ ሳቁ ወዲያው ጠፋ።

ጓድ ሀይሉ እጁን እያሻሸ «አድኃሪ! ዛሬውኑ ወደ አውራጃ እንልከዋለን» አለ። እኔ እምቢ አልኩ። «ቢታሰር ሰማዕት ነው ይሉታል። ለእኔ ስጡኝ፤ ተማሪዬ ይሁን።» ካድሬው ትንሽ አሰበና ሳቀ። የእኔ ቅጣት ከእሱ እንደሚከፋ የገባው መሰለኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ ራቴን በዚያው በአረንጓዴው ሳህን ሰጠችኝ። ዓይኔን ሳታይ «ወረቀቱ የጥጃ ይሁን፤ ልጄ ግን ሞቷል። ሥጋውንም በልተሻል» አለች። ለካ ክታቡ የተሰፋው በእኔ አንገት ብቻ አልነበረም። ካሣዬን የወሰደው ኩፍኝ ያን ዓመት ከእነ ዘይቱና ቤት ብቻ ሁለት ልጅ መውሰዱን አስታወስኳት፤ እነሱስ የማንን ሥጋ በልተው ነው አልኳት። ስጨርስ ሳህኔን ለብቻው አጠበችው።

ስለዚህ ሥራዬ አላለቀም ነበር። ወልደ ጊዮርጊስን ከፊት አግዳሚ፣ ከእናቴ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሲሳሳት አላለፍኩትም። ልጆቹ አንድ ጊዜ የሚጽፉትን እሱ ሃያ ጊዜ ጻፈ። ቅዳሜ ቅዳሜ የአዳራሹን ወለል አስጠረግኩት፤ መጥረጊያውን እንዴት እንደሚይዝ ያሳየሁትም እኔ ነኝ። ማታ ስተኛ የነገውን ጥያቄ እያሰብኩ ደስ ይለኝ ነበር። ደግ ሰው ነበርኩ አልልም።

መጋቢት ላይ የመጨረሻው ፈተና ሆነ። እያንዳንዱ ሰው የተነገረውን አንድ ዐረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማንበብ አለበት። ተራው ሲደርስ ጠመኔውን ሰጠሁትና ቀስ ብዬ ነገርኩት፦ «ካሣዬን የገደለው ኩፍኝ ነው።»

«የገደለው» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። «ልጄ» አለ ዝቅ አድርጎ፣ «ሌላ ነገር ስጪኝ።»

«አባ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ጻፈ። «ያንብቡት» አልኩ። አነበበ። ሲያነብ ደግሞ ፊቱ ለቅጽበት በራ፤ በዕድሜው ሙሉ የራሱን ጽሑፍ ሲያነብ የመጀመሪያው ነበርና ደስታው አመለጠው። ያችን ደስታ እንኳ ቀናሁበት። እናቴ ከአግዳሚው ተነስታ ሰሌዳው ድረስ ሄደች፤ በጣቷ እየነካች ራሷ አነበበችው። «ኩ... ፍኝ» ስትል ጠመኔው ጣቷ ላይ ቀረ። ወጥታ ሄደች።

ቤት ስገባ አረንጓዴው ሳህን ደጅ ወድቆ ዶሮዎቹ እየጫሩበት ነበር። ውስጥ አንድ ትሪ ቀርቧል፤ ሹሮ ነው፣ ጾም ነበርና። ተቀመጥኩ። ሁለታችንም እጃችንን ወደ ትሪው አልዘረጋንም።

«አባ የአዳራሹ በር ላይ ደርሰውብኝ ነበር» አለች እናቴ። «አልፌያለሁ ወይ ብለው ጠየቁኝ።»

«አላለፈም። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይጀምራል።»

«አይበቃም? ይቅር በያቸው።»

«እማዬ፣ እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ተሸክሜያለሁ። እሱ ገና ሦስት ወሩ ነው።»

እንጀራውን ቆረሰች፤ ጠቀለለች፤ እጇ ላይ እንደያዘችው ቀረች።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሳህንሽን የለየሁት እኔ ነኝ» አለች። «እሳቸው እዚህ ቤት አልነበሩም። እኔንስ ስንት ዙር ታስተምሪኛለሽ?»

ጉርሻውን ወደ አፌ ዘረጋችው፤ ሹሮው እንዳይፈስባት ብዬ፣ አፌን ከፈትኩ።