የወይዘሮ እንቁ ዶሮ ቤት

ጂቱ በማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ስትሠራ እንዲህ ያለ ባለጉዳይ ገጥሟት አያውቅም። ሰው ጓሮው ውስጥ የሠራውን ቤት በሸራ ይሸፍናል እንጂ፣ በገዛ እግሩ መጥቶ «ዶሮ ቤት ሠርቻለሁ፤ ፈቃድ ስጡኝና የጣራና ግድግዳ ግብሬን ልክፈል» አይልም። ወይዘሮ እንቁ ግን ብለዋል።

ልትለካ አዳማ ዳር ካለው ግቢያቸው ሄደች። ቤቱ የቆርቆሮ ነው፤ ወለሉ ሳንቃ። ምስጥ እንዳይበላው ቋሚዎቹ አልተቀበሩም፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሏል። ጥሩ ሥራ ነው አለች በልቧ። ከአጥሩ እስከ ግድግዳው ለካች፤ ልክ ነው። ግን አጥር አታምንም። የድንበሩን ድንጋይ ስትፈልግ ከአጥሩ ወዲህ፣ ዶሮ ቤቱ ጥግ ሣር ውስጥ አገኘችው።

«እማማ፣ ይህን አጥር ማን ተከለው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጎረቤቱ ኦቦ ቀነዓ፣ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው። «እናቴ የሞተች ጊዜ ለልቅሶው ድንኳን እንዲሰፋ እንቁ አጥሯን አስነቀለችልኝ። ስንመልሰው ማን ይለካል? በልቅሶ ማግስት ሜትር ይዤ ብቆም ሰው ምን ይለኛል! በዓይኔ ገምቼ ተከልኩት።»

«ወደ ራስዎ ግቢ ገፍተው?»

«ለእሷ ቢተርፍስ? አንቺን ምን አስቆጣሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?»

ጂቱ ሳቋን ዋጠች። «ኦቦ፣ ድንበሩ የካርታው ነው። ቤቱ ለድንበር እንዲህ ተጠግቶ ፈቃድ አልሰጥም። ፈቃድ ከሌለው ደግሞ ይፈርሳል።»

ወይዘሮ እንቁ የዶሮ ቤቱን በር ገርበብ አድርገው አሳዩአት። ዶሮዎቹ ገለባው ላይ ታቅፈዋል። «ዓመቱን የምኖረው በጫጩቶቹ ነው፤ ሊፈለፈሉ ደርሰዋል። አፍርሺ ካልሽኝ አፈርሳለሁ። የታቀፈች ዶሮ ግን ከተነሳች እንቁላሏ በረደ ማለት ነው።»

«ማን አፍርሺ አለሽ?» አሉ ኦቦ ቀነዓ። «ቋሚው አልተቀበረ! እኛ አገር ጎጆ ተሸክመን አይደል የምናዛውረው?» ወጥተው ተጣሩ። ድንኳኑን ያን ጊዜ የተከሉት ዕድርተኞች አንድ ሁለት እያሉ መጡ።

«ቀነዓ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?»

«አፍህን ያዝ፤ የዛሬው የሚወለድ ነው!»

ሁለት አጠና ከወለሉ ሥር አሳለፉ። አንደኛው ጫፍ ሰው ጎደለው። ጂቱ ሜትሯን ሣሩ ላይ አስቀምጣ ትከሻዋን ሰጠች።

«በቀስታ! ሬሳ እንደያዛችሁ!» አሉ ወይዘሮ እንቁ ከፊት እየመሩ።

ቤቱ ተነሳ። ተንገጫገጨ፣ ተራመደ፣ ተቀመጠ። ጂቱ ከድንጋዩ ለካች። «ትንሽ ይቀራል።»

«ምነው ልጄ፣ አሁን እኮ አብረሽን ነበርሽ!» አለ አንዱ እያለከለከ።

«ለዚያም ነው እንደገና የምሸከመው» አለች።

በድጋሚ አነሱት። አሁን ልክ ሆነ። በሩ ሲከፈት አንዲት ገብስማ ዶሮ ጂቱን በአንድ ዓይኗ ገላመጠቻት፤ ከእንቁላሏ ግን ንቅንቅ አላለችም። ሌሎቹም እንደታቀፉ ነበሩ። ጂቱ እዚያው ቆማ «ፈቃድ ይሰጠው» ብላ ፈረመች።

ሰዎቹ ላባቸውን እየጠረጉ ሊበተኑ ሲሉ ወይዘሮ እንቁ አስቆሟቸው።

«አጥሩንም አሁኑኑ። ቀነዓ፣ መቆፈሪያህን አምጣ።»

«ተይው፣ እንቁ…»

«አልተወውም። እናትህን ብዬ ነው የነቀልኩት እንጂ መሬትህን ብዬ አይደለም።»

ኦቦ ቀነዓ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ መቆፈሪያቸውን ሊያመጡ ሄዱ፤ ጂቱም የሜትሩን ጫፍ ድንጋዩ ላይ አድርጋ ትጠብቃቸው ጀመር።