በበቀቀን አፍ የቀረች ጣውንት

ጠዋት ጠዋት ባሌን ከእኔ ቀድማ የምትጠራው የሞተች ሚስቱ ነበረች። ዋርዲያ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል፣ አላህ ይማራት፤ ድምፅዋ ግን በግራጫው በቀቀን አፍ ቤቴ ውስጥ ቀርቷል። ቡዓላም ጫማውን አጥልቆ በሩ ጋ ሲደርስ ወፉ ከሽቦ ቤቱ ውስጥ፣ "ቡዓላም፣ ቁልፍህን ይዘሃል?" ይለዋል። ጎርነን ያለች፣ መጨረሻዋ ላይ ሳቅ ሳቅ የሚላት የሴት ድምፅ። ባሌም ኪሱን ዳበስ ያደርግና፣ "ይዣለሁ ዓለሜ" ብሎ ይወጣል። እኔ ከኋላው፣ "ቡዓላም፣ እንዳታመሽ" እላለሁ። መልስ የለም፤ ደረጃውን ሲወርድ የጫማው ኮቴ ብቻ ነው የሚሰማኝ። አራት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ በሕይወት ያለች ጣውንት ትሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ፀጉሯን እነጭ ነበር።

ስለዚህ ወንድሙ ከማርሴይ ደውሎ፣ "ፀጉር ቤቱን ብቻዬን አልቻልኩትም፣ ሚስትህን ይዘህ ና" ሲለውና ቪዛችን ሲመጣ፣ ከሱ ይልቅ እኔ ተደሰትኩ። በእሷና በእኔ መካከል ባሕር ሊገባ ነው ብዬ። ከዚያ ዕቃ መለየት ጀመርን። የእናቴ የመዳብ ትሪ ከባድ ነው ተብሎ ለጎረቤታችን ለላላ ባያ ሄደ። የስፌት መኪናዬም ቦታ ይይዛል ተባለ።

"ፓሻንስ ለማን እንስጠው?" አልኩት፣ ወፉን በአገጬ እያሳየሁ።

"ፓሻን?" አለኝ፣ የወለደውን ልጅ ስጥ ያልኩት ይመስል። "አንቺን ትቼ ብሄድ ይቀለኛል።"

ሳቀ፤ መቀለዱ ነው። እኔ ግን አልሳቅኩም። "አውቃለሁ" ነው ያልኩት።

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ነሲማ ገና ስታየን፣ "ወደ አውሮፓ የሚሄድ ወፍ እንደ ቦርሳ አንጠልጥለውት የሚሻገሩት እንዳይመስላችሁ" አለችን። እግሩ ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት፣ ከመንግሥት ፈቃድ፣ ከዚያም አንድ ወር ሙሉ በተዘጋ ክፍል መቀመጥ። በዚያ ወር ሌላ ወፍ አጠገቡ አይደርስም፤ ሌላ ወፍ የነካ ሰውም አይገባበትም። ይህን ብላ ቡዓላምን አየችው። ባሌ እንደ ብዙው የሰፈራችን የባብ ኤል ዌድ ወንድ የዘማሪ ወፍ ፍቅር በሽተኛ ነው። እዚህ ያለው የራሱ ፀጉር ቤት ግድግዳው ሁሉ የወፍ ቤት ነው፤ ደንበኞቹም የየራሳቸውን አንጠልጥለው ይመጣሉ።

"አንተማ አትታሰብም" አለችው፣ ከእጅጌው ላይ ላባ እያነሳች። "ማዳም ሑርያ ትያዘው" አለች ወደ እኔ እየጠቆመች።

"እሷ እኮ አትወደውም።"

"አብዪው እንጂ ውደጂው ማን አላት?"

ላላ ባያ ወሬውን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ። ልጄ፣ ከጣውንትሽ ጋር በአንድ ክፍል ተቆለፈብሽ እኮ።"

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ወፉ የተቀመጠበትን የጓዳ ክፍል ዘግቼ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር። የባሌ ኮቴ በኮሪደሩ ሲያልፍ ወፉ፣ "ቡዓላም፣ ቁልፍህን ይዘሃል?" አለ። ከበሩ ወዲያ፣ "ይዣለሁ ዓለሜ" የሚል መልስ መጣ። ቆሽቴ አረረ። ትከሻዬ ላይ የነበረውን ፎጣ ወርውሬ የሽቦ ቤቱን ሸፈንኩት። ወፉ ጨለማ ሲሆንበት ዝም አለ።

ዘዴው ያን ቀን ገባኝ። በእሷ ድምፅ ሲናገር ፎጣ፣ የኔን ሳል ወይም የጋዝ ሻጩን ጥሩንባ ሲያስመስል ለውዝ። ቀን በቀን እንዲህ አደረግሁት። ክፋት ነው የምትሉ፣ ባላችሁ የሞተችን ሴት "ዓለሜ" ሲል እየሰማችሁ አራት ዓመት ኑሩና ከዚያ እንነጋገራለን።

ወሩ ሲጋመስ ድምፅዋ እየሳሳ፣ እየተቆረጠ ሄደ፤ በመጨረሻም ጠፋ። ቡዓላም ጆሮውን በሩ ላይ ይለጥፋል።

"ምነው ዝም አለ? ታመመ እንዴ?"

"ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያቆሽሻል። ሌላ ምን ይሁንልህ?"

አንድ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ደርሶ ቁልፍ እንዳልያዘ አየና ያንን ሁሉ ደረጃ ተመልሶ ወጣ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። "የሚያስታውሰኝ አጣሁ" አለ።

"እኔስ ምንድን ነኝ፣ ግድግዳ?"

"አንቺ የምታውቂው 'እንዳታመሽ' ማለት ብቻ ነው" አለኝና ቁልፉን ይዞ ሄደ። ጓዳ ገብቼ ለወፉ ሁለት ለውዝ ሰጠሁት።

ወሩ አለቀ። ዶክተር ነሲማ መጥታ አየችው፣ ጤነኛ ነው፣ በሰላም ግቡ ብላን ሄደች። ቡዓላም ዘማሪ ወፎቹን ለጓደኞቹ አከፋፍሎ ጨርሷል። ገላውን ታጠበ፣ የዒድ ሸሚዙን ለበሰና ወደ ጓዳ ገባ። ቁልፉን በሽቦው ፊት እያንቃጨለ፣ "ፓሻዬ፣ ቁልፌን እንዳልረሳ ጠይቀኝ እንጂ" አለው። ወፉ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየው። ባሌ ደግሞ አንቃጨለ። ዝም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ውስጤ እልል ይላል።

ከዚያ ወፉ፣ "ቡዓላም፣ እንዳታመሽ" አለ።

የኔ ድምፅ ነው። ለካ እየለመንኩ ነበር የምናገረው፤ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ቡዓላም የተናገርኩ መስሎት ዞር ብሎ አየኝ። አፌ ዝግ ነው። ያኔ ገባው፤ እዚያው ሻንጣው ላይ ቁጭ አለ።

"የእሷስ?" አለኝ። "የእሷ ድምፅ የለም?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እንዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። እኔም አሸነፍኩ አልኩ በልቤ፤ አሁን በዚህ ቤት ያለችው ሚስት እኔ ብቻ ነኝ።

ወፉ እንደገና፣ "ቡዓላም፣ እንዳታመሽ" አለ።

ባሌ ቀና አለ። ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ጣቱን በሽቦው መሐል አሾለከና የወፉን አንገት አከከለት። "አላመሽም ዓለሜ" አለው።

አራት ዓመት የጠበቅኩት መልስ ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ለወፍ ተሰጠ። ያ የማውቀው ቅናት ተነሳብኝ፤ ፎጣውን ከትከሻዬ አንስቼ ወደ ሽቦ ቤቱ ሄድኩ። ልሸፍነው እጄን ስዘረጋ ነው የማንን አፍ ልዘጋ እንደሆነ የገባኝ።