በባሮ መልካ የዋለችው ሕመምተኛ

ትዕግሥት ከምግባራት ሁሉ የከበረች እንደ ሆነች ሊቃውንት ያስተምራሉ፤ ነገር ግን፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ የታጋሽ ሰው ልቡና እንደ ፊቱ የረጋ፣ ኅሊናውም እንደ እጁ ያረፈ አለመሆኑን ያልመረመረ መምህር ስለ ትዕግሥት የሚያውቀው ስሟን ብቻ ነው። ለዚህም ምስክር የሚሆን ነገር በቆላው አገር፣ በባሮ ወንዝ ዳር፣ በቀኛዝማች ዘአማኑኤል ላይ ደረሰ።

ይህ ሰው በጦርም በሸንጎም የተመሰገነ፣ ነገር ግን መቀመጥ የማይሆንለት፣ ምሳውን እንኳ ቆሞ የሚበላ ችኩል መኰንን ነበር። ቆላውን በገዛ በሦስተኛው ዓመት ሚስቱ ወይዘሮ ትርንጎ በንዳድ ታመመች፤ ሐሩሩ ትኩሳቷን እያባባሰ፣ ትኩሳቱም ሰውነቷን እያከሳ በሄደ ጊዜ፣ በደጋው ከተማ ከተቀመጠው ሐኪም ካልደረሰች እንደማትድን ተረድቶ፣ በቃሬዛ አሸክሞ፣ ኡቻላ የሚባለውን አኙዋ መንገድ መሪ አስቀድሞ፣ በየካቲት ወር ገሠገሠ። በአራተኛው ቀን ጧት ከወንዙ መልካ ደረሱ፤ ከዚያ በላይም ከዚያ በታችም ውኃው ጥልቅ፣ አዞውም ብዙ ስለ ነበረ ሌላ መሻገሪያ አልተገኘም።

መልካውን ግን አራዊት ቀድመው ይዘውት ነበር። በጋው ኩሬውን ሁሉ ስላደረቀው፣ ጥም የነዳው ፍጥረት ከየሜዳው ዳርቻ ወደዚያ ይጎርፍ ነበር፤ ቆርኬው ተግተልትሎ፣ ጎሹ በጭቃው ተጋድሞ፣ ጉማሬውም ከውኃው ብቅ ጥልቅ እያለ ሲያናፋ፣ ከሰማንያ የማያንሱ ዝሆኖች ግልገሎቻቸውን በመካከል አድርገው መሻገሪያውን ዘግተው ቆሙ። አንዱ መንጋ ጠጥቶ ሲወጣ ሌላው ከአቧራው ውስጥ ይገለጥ ነበር። ቀኛዝማችም አንድ ጊዜ ፀሐይን፣ አንድ ጊዜ ቃሬዛውን እያየ፣ ሣሩ መንገድ እስኪያወጣ ድረስ ወዲያና ወዲህ ሲል አረፈደ፤ በቀትርም ጠመንጃውን አነሣ።

“ጌታዬ፣ አይተኩሱ” አለ ኡቻላ። “ልጅ የያዘች ዝሆን ጥይት ስትሰማ ወደ እኛ ነው የምትመጣው። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ጥለው ይሮጣሉ፤ እመቤቴ መሮጥ አይችሉም።”

“እስከ መቼ ልቁም?”

“ጥማቸው እስኪቆርጥላቸው። ወደ ማታ ወደ ሣሩ ይመለሳሉ።”

ቀኛዝማች ምክሩን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ተንበረከከ፤ በመሪይቱም ዝሆን ግንባር ላይ አነጣጠረ። በዚያን ጊዜ፣ ከግራር ጥላ ሥር በትራስ ተደግፋ ስትመለከት የቆየችው ወይዘሮ ትርንጎ በቀጭን ድምፅ ተናገረች።

“ጌታዬ፣ የሚተኩሱት ለእኔ ብለው ነው ወይስ መቀመጥ አቅቶዎት?”

እርሱም ጣቱን ከቃታው ሳያነሣ ፊቱን ወደ እርሷ መለሰ።

“ያቺን ትንሿን ይመልከቷት፤ ሦስት ጊዜ ወደቀች፣ ሦስት ጊዜ አነሷት። ይተዉትና አጠገቤ ይቀመጡ።”

ጠመንጃውን አስቀምጦ ተቀመጠ፤ በዐሥራ አራት ዓመት ትዳራቸው ከአጠገቧ ግማሽ ቀን የተቀመጠው ያን ዕለት ብቻ ነበር። ግልገሊቱ በኩምቢዋ ውኃ ቀድታ በተኛ ጎሽ ፊት ላይ በረጨችበት ጊዜ ትርንጎ ከታመመች ወዲህ ያልተሰማ ሳቅ ሳቀች፤ እርሱም አብሯት ሳቀ፤ እጇን እንደ ያዘ ግን ዓይኑ የፀሐይቱን መውረድ ይለካ ነበር። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ዝሆኖቹ ወጡ፤ ተሸካሚዎቹም ቃሬዛውን በትከሻቸው ከፍ አድርገው በሰላም ተሻገሩ።

በሦስተኛው ቀን፣ ጎሕ ሲቀድ፣ የደጋው ነፋስ ፊቷን በነካው ጊዜ፣ ከሐኪሙ ቤት የግማሽ ቀን መንገድ ሲቀራቸው፣ ወይዘሮ ትርንጎ ዐረፈች።

ከቀብሯ በኋላ ቀኛዝማች ኡቻላን ለብቻው ጠርቶ፣ “ተኩሼ ቢሆን ኖሮ ትድን ነበር?” ሲል ጠየቀው።

ኡቻላም እንዲህ አለ፤ “ምናልባት ይሸሹ ነበር፤ ምናልባትም ሁላችንን ይረግጡን ነበር። እኔ የማውቀው ያን ቀን እመቤቴ ሲስቁ መስማቴን ነው።”

ቀኛዝማች ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ የካቲት ሲገባ ወደ መልካው ይወርድ፣ አራዊቱም ሲሰበሰቡና ሲበተኑ ከጧት እስከ ማታ ተቀምጦ ያይ ነበር፤ የአገሩ ሰው፣ “ያ ችኩል ሰው በመጨረሻ ልቡ ረጋ” እያለ ያደንቀው ነበር፤ እርሱ ግን መንጋውን በተመለከተ ቍጥር ያን ቀትር በኅሊናው ይመልሰው ነበርና፣ አንድ ጊዜ ተኩሶ ሚስቱን ሲያድናት፣ አንድ ጊዜም ተኩሶ ሲያስረግጣት ይውል ነበር። መልስ ያላት ጥያቄ ሰውን ለጊዜው ታደክመዋለች፤ መልስ የሌላት ግን እስከ መቃብሩ ደጃፍ ስትነዳው ትኖራለች።